ጡረታህን ያስቆምኩት እኔ ነኝ

ውድ ጋሼ ሙሉአለም፣

እማዬ «ለትልቅ ሰው ሲጻፍ እርስዎ ነው የሚባለው» ብላኝ ነበር። ሞከርኩት፤ ሦስተኛው መስመር ላይ ለሌላ ሰው የምጽፍ መሰለኝና ቀደድኩት። አንተ እያልኩህ ነው የምቀጥለው። ከሐዋሳ አሜሪካ፣ ማሪዬታ ድረስ መጥተህ ጆሮዬን አትጠመዝዝም።

ባለፈው እሑድ እህትህ እትዬ አበዛሽ ደውላ ነበር። እማዬ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋው ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ። የደም ግፊት ኪኒንህን በቢላ ለሁለት እየገመስክ ግማሹን ለነገ እንደምታስቀምጥ ነገረቻት። ጡረታህ ከቆመ ዘጠኝ ወር እንዳለፈውም። እማዬ «እንግሊዞቹን ደግሞ ምን ነካቸው?» አለች። እንግሊዞቹን ምንም አልነካቸውም፣ ጋሼ። ያስቆምኩት እኔ ነኝ።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ አንተ የምታውቀው ግማሹን ነው።

አሜሪካም የመጣኸው በኔ ቀልድ ነው። ለንደን ላይ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አውቶብስ ነድተህ ጡረታ ስትወጣ የቤት ኪራይ ጡረታህን ይበላው ጀመር። እኔ ደግሞ ሥራ ፈትቼ በተቀመጥኩበት ዲቪ ሞላሁልህና የቤተሰቡ ግሩፕ ላይ «የስልሳ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ዕድሉን እየሞከረ ነው» ብዬ ለጠፍኩ። ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ደረሰህ።

አንተ የጠየቅከው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጡረታዬስ?» አንድ ወር ሙሉ ስታጣራ ከረምክ። አሜሪካ ከገባህ፣ ለንደን እንዳለህ ተቆጥሮ በየዓመቱ ኤፕሪል ላይ ይጨምርልሃል። ካናዳ ወይም ኢትዮጵያ ከገባህ ግን በገባህበት ቀን በነበረው ልክ ይቆማል፤ ኑሮ ቢወደድም ባይወደድም ያው ነው። ካንተ ጋር አንድ መስመር ላይ ይነዳ የነበረው ተስፋጽዮን ልጆቼ ዘንድ ብሎ ቶሮንቶ ገባ፤ ይኸው ስምንት ዓመቱ፣ አንዲት ሳንቲም አልተጨመረለትም። «ሰውየው በረዶ አገር ገብቶ ጡረታውም በረዶ ሆነ» እያልክ ትስቅበት ነበር።

እዚህ ስትመጣ ደግሞ ያላሰብከው ነገር ጠበቀህ። ማሪዬታ መኪና የሌለው ሰው ማለት በር ላይ የተቀመጠ ቦርሳ ማለት ነው፤ አንሺ ይጠብቃል። ያ ሁሉ የለንደን ጎዳና የሚያውቅህ ሰውዬ ለመንጃ ፈቃድ ሮድ ቴስት ላይ ቀኝ ታጥፈህ በግራ በኩል ገባህ። ፈታኟ የመኪናውን በር እንደያዘች ነው የወረደችው አሉ። በሁለተኛውም ያንኑ ደገምከው። እኔ «ቀዩ አውቶብስ» አልኩህ፤ አንተም የኔ ኮሮላ ውስጥ ከኋላ እየተቀመጥክ «የለንደን ሹፌር ከጎኑ ሰው አይቀመጥበትም፣ ንዳ!» ትለኝ ነበር።

የጤና ኢንሹራንሱ ለንደን ከነበረው የቤት ኪራይህ አላነሰም። አባዬ እኔ ልክፈል ሲልህ «ታናሽ ወንድሜ አይጦረኝም» አልክ። ከጡረታህ ከፈልክ። ከምትተርፈው ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳቦና ሙዝ ገዝተህ ትገባለህ። ቤታችን ውስጥ ቀና ብለህ የምትሄደው በሷ ነበር። ይህን ያኔም አውቅ ነበር።

እያወቅኩ ነው እንግዲህ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ሆኜ፣ ድምፄን አወፍሬ፣ በእንግሊዝ አነጋገር የደወልኩልህ።

«ሚስተር ሙሉአለም፣ ከጡረታ መሥሪያ ቤት ነው። መዝገባችን መሞትዎን ያሳያል።»

«መቼ ነው የሞትኩት?»

«ማክሰኞ ዕለት።»

«ማክሰኞማ ደህና ነበርኩ! ትንሽ ያመመኝ ሐሙስ ነው።»

አባዬ በሩን ሲከፍተው ማድረቂያው ላይ ተቀምጬ አገኘኝ። አንተ እንባህ እስኪወርድ ሳቅክ። በሚቀጥለው እሑድም ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ላገኘኸው ሁሉ አወራኸው። ሳቅህ ነው ያበላሸኝ።

ሁለተኛውን በወረቀት አደረግኩት። አንበሳና ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ ያለበት ማኅተም ከኢንተርኔት አወረድኩና ሥሩ «በሕይወት መኖርዎን ለማረጋገጥ፣ ዘመድዎ ባልሆነ ምስክር ፊት ሦስት ጊዜ ይዝለሉ» ብዬ ጻፍኩ። መዝለሉ ጋ ስትደርስ ትነቃለህ ብዬ ነበር። አልነቃህም። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በእንግሊዝ ደንብ የኖረ ሰው ደንብ ለምን ተጻፈ ብሎ አይጠይቅም ለካ። ኮትህን ለብሰህ፣ ከረባት አስረህ «ዶራቪል ውሰደኝ፣ ሱልጣን ሱቅ» አልከኝ። ወሰድኩህ። ፓርክ አደረግኩና ተከትዬህ ገባሁ።

«ሱልጣን፣ ምስክር ልትሆነኝ ነው።»

«በምን ጉዳይ፣ ጋሼ?»

«በሕይወት መኖሬን።»

«ወላሂ እያየሁዎት ነው! የት እፈርማለሁ?»

«ማየት አይበቃም። መዝለል አለብኝ።»

በጤፍ ዱቄቱና በዘይቱ መሃል ዘለልክ። አንድ። ሁለት። በሦስተኛው ጫማህ ወለቀ። ምስር ስትመርጥ የነበረች ሴትዮ ስልኳን አወጣች። ሱልጣን እየፈረመ «ሦስተኛው ትንሽ ዝቅ ያለ ነበር፣ ግን አልፏል» ሲል እኔ አልቻልኩም፤ ፍሪጁ ላይ ተደግፌ በሳቅ ፈነዳሁ። ቀልዱ መጀመሪያ የገባው ለሱልጣን ነው። አንተ መጨረሻ ላይ ገባህ። ጎንበስ ብለህ ጫማህን አጠለቅክ፤ «ጥሩ» አልክ። ሁለት ሳምንት ከሰው መኪና እየለመንክ ቤተ ክርስቲያን ሄድክ እንጂ የኔ ውስጥ አልገባህም።

እስከዚህ ያለውን ታውቃለህ።

ከአምስት ሳምንት በኋላ እውነተኛው መጣ። ከፖስታ ሣጥኑ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ፖስታው ላይ የእንግሊዝ ማኅተም ነበረበት፣ አይቼዋለሁ። ወጥ ቤት ቆመህ መነጽርህን ዝቅ አድርገህ አነበብከው። በሕይወት መኖርዎን ያረጋግጡ፣ ዘመድ ያልሆነ ምስክር ያስፈርሙ ይላል። ውጭ አገር ላለ ጡረተኛ ሁሉ ይልካሉ ለካ።

«ሕዝቄ፣ በዚህኛው መዝለሉን ረስተኸዋል» አልክና ለአራት ቀደድከው።

እንዴት ደስ እንዳለህ! ቁርጥራጩን ይዘህ «ዛሬ ያዝኩት!» እያልክ አባዬ ጋ ሄድክ። «ጋሼ፣ ይሄ የኔ አይደለም» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። «በሚቀጥለው አሻሽለዋለሁ» አልኩህና ኮንየርስ ወደምሠራበት መጋዘን ሄድኩ። ሌላ ይልካሉ ብዬ ነው። ረሳሁት ልልህ ነበር፤ አልረሳሁትም።

ጡረታው ሲቆም፣ ፍሪጁ ላይ የለጠፍኩልህን የጡረታ መሥሪያ ቤቱን ቁጥር ደወልክ። ቁጥሩ ትክክለኛው ነው፤ ጽሕፈቱ ግን የኔ ነው። እኔ ፊት ለፊትህ ሲሪያል እየበላሁ ነበር። ያነሳችው ሴትዮ በሕይወት መኖርዎን ማረጋገጥ አልቻልንም አለችህ። ስልኩን እንደያዝክ አየኸኝ።

«ይቺን ደግሞ ከየት አመጣሃት? ስንት ከፈልካት?»

«አልከፈልኳትም» አልኩህ። እየሳቅኩ ነው ያልኩት። ዘጋህባት።

ከዚያ በኋላ አልደወልክም። ዳቦና ሙዙ ቀረ። በሁለተኛው ወር «አገር ቤት ኑሮ ርካሽ ነው፣ እህቴ ጋ ልረፍ» ብለህ ሄድክ። አባዬ ስለ ጡረታህ ሲጠይቅህ «ይከተለኛል» አልከው። መቆሙን መናገር አፍረህ ነው፤ እኔ እንደማውቅ አላወቅክም።

አሁን ሌላ ቅጽ መጥቷል። ሦስት ሳምንት የጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ያሰብኩትንም ልንገርህ። ፊርማህን እችልበታለሁ። የአባዬን ፊርማ ሪፖርት ካርድ ላይ ስንት ዓመት የፈረምኩ ሰው ነኝ፣ ያንተ ከሱ ይቀላል። አድራሻውን ማሪዬታ ብዬ ብሞላው ያልተከፈለህ ሁሉ ይገባልሃል፣ በየኤፕሪሉም ይጨምርልሃል፣ አንተም ሐዋሳ ቁጭ ብለህ ትበላለህ። ማንም አያውቅም። እስክሪብቶ አንስቼ ነበር። በየጊዜው በሕይወት አለ እያልኩ ስፈርም ታየኝ። አንድ ቀን ደግሞ ቀብርህ ላይ ቆሜ፣ ቤት መጥቼ ያንኑ ስፈርም። አስቀመጥኩት።

ትናንት ለአባዬ ነገርኩት። ቀበቶውን ይፈታል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ወንበሩን ወደ መስኮቱ አዞረና ጀርባውን ሰጠኝ። «ራስህ ጻፍለት» አለ። እሱ የሚደውልልህ ደብዳቤው ሲደርስህ ነው። እኔማ ሁለቴ ደውዬ «ዛሬ ደግሞ ማን ሆነህ ነው?» ብለህ ዘግተህብኛል።

ስለዚህ ዓርብ በምትበረው በእማዬ ጓደኛ በወይዘሮ ሐረገወይን እጅ ነው የላክሁት። የአራት ወር ኪኒንም ይዛለች፤ አትገምሰው።

ጡረታ መሥሪያ ቤቱ ደውዬ የሚሆነውን ጠይቄአለሁ። እዚያው እኖራለሁ ካልክ ያልተከፈለህን ይከፍሉሃል፤ ከዚያ በኋላ ግን እንደ ተስፋጽዮን ነው፣ አይጨምርም። ትመለሳለህ ካልክ ይጨምራል፤ ግን ኢንሹራንሱም፣ ሮድ ቴስቱም፣ እኔም እዚሁ አለን። ግሪን ካርድህ ደግሞ ዓመት ሳይሞላህ እንድትገባ ይፈልጋል፤ አምስት ወር ቀርቶሃል። የትኛው ይሻላል ብለህ እንዳትጠይቀኝ። እኔ የምፈልገውን ታውቃለህ፤ እኔ በፈለግኩት ግን እስካሁን ብዙ ሆኗል።

ቅጹ ከዚህ ጋር ተጣጥፏል። ስምህን እንኳ አልጻፍኩበትም። «የሚኖሩበት አገር» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ሙላው።

የወንድምህ ልጅ
ሕዝቅያስ