በሁዳዴ አንጀቴን ሳጸዳ

ሰኞ

ሐኪሙ ተቆጣኝ። እኔን! የእናቱን ታላቅ! «እማማ፣ ምንም እንዳይቀምሱ ብዬዎት አልነበረም?» አለ። አልቀመስሁም አልሁት። ወደ አንጀቴ በሰደደው ቱቦ ያየውን ነገረኝ፤ የሽምብራ ገለፈት። ታዲያ የተዘፈዘፈ ሽምብራ መብል ነው? በሁዳዴ ጥሬ ቆርጥሞ ያደረ ሰው ጾመኛ ይባላል እንጂ በላ ይባላል? ምርመራው ተበላሸ። ለረቡዕ ቀጠረኝ።

ልጄ አልጋነሽ ስትስቅ ዋለች። ደብረ ታቦር ያረፍሁት እሷ ቤት ነው። ትሳቅ። ከጥምቀት ወዲህ ሜዳ በወጣሁ ቁጥር ደም የማየው እኔ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት የቆጠርሁትን ፊደል ለምን ላስቀምጠው? እጽፈዋለሁ፤ ደም ነው። እናቴ እንዲሁ እየደማች፣ አፍራ፣ ለማንም ሳትናገር ሞተች። እኔ አፍሬ አልሞትም።

ማክሰኞ

ትእዛዙ፦ እህል የለም። ጥሬም የለም (ሁለት ጊዜ ደገመልኝ)። ውሃና ቀጭን ሻይ፣ ከጠዋት ጀምሮ፣ እየደጋገሙ። ማታ የጉሎ ዘይት።

ከጠዋት! በሁዳዴ! ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውሃ በአፌ ዞሮ አያውቅም። አልጠጣም አልሁ። አልጋነሽ ብርጭቆውን ፊቴ አስቀምጣ ወጣች። ተፋጠጥን፣ እኔና ብርጭቆው። የነፍስ አባቴ ቄስ ወርቁ ቢሰሙስ? ጎረቤቴ መድኃኒት ብላ ጾም ብትገድፍ በሰው ፊት የገሠጿት እሳቸው ናቸው። ኋላ እናቴ ትዝ አለችኝ። «እግዜር ሆይ፣ ደሙን ያመጣኸው አንተ፣ ቁጣው በእኔ?» አልሁና ጨለጥሁት። ደገምሁ።

ዘይቱንማ፣ ኮሶ ጠጥቼ ያደግሁ ነኝ ብዬ ፎክሬ ነበር። ፉከራዬ ጓሮ ድረስ አላደረሰኝም። ስሮጥ አመሸሁ።

ረቡዕ

ጥርት ብዬ ቀረብሁ። «ጎበዝ እማማ!» አለ ሐኪሙ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

ቱቦው ያማል። ከማመሙ ማሳፈሩ ይብሳል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ውዳሴ ማርያም ደገምሁ። ትንሽ ዕባጭ አገኘ። ከእሱ ቆርጦ ወሰደ፤ አዲስ አበባ ተልኮ ይታያል። ከፋሲካ በኋላ ይመለሱ አለኝ።

«ክፉ ነው?» አልሁት።

«ገና አናውቅም።»

ፈራሁ። ቢሆንም እናቴ ይህን እንኳ ሳታውቅ ነው የሄደች።

ሐሙስ

በጭነት መኪና ወደ አገሬ፣ ወደ አርብ ገበያ። መቀመጥ አይመችም፤ ቆሜ መጣሁ። ረዳቱ ቁጭ ይበሉ ቢለኝ፣ አንተ ቁጭ በል አልሁት።

ዓርብ

ገበያ አልወጣሁም። ሰው ሳይቀድመኝ ብዬ ቄስ ወርቁ ቤት ሄድሁ። «አባቴ፣ ጾም ገድፌያለሁ። በጠዋት፣ ደጋግሜ። አልተጸጸትሁም፤ ሐኪሙ ቢያዘኝ ነገም እጠጣለሁ» አልኋቸው። ምክንያቱንም አልሸሸግሁም። ስግደቱን እስኪጭኑብኝ ጠበቅሁ።

ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«ደሙ ቀይ ነው ጥቁር?» አሉኝ በቀስታ።

«ቀይ ነው አባቴ።»

«የእኔ ጠቁሯል» አሉ። «ከመስከረም ጀምሮ።»

እኒያ ቁጡ ሰው ዓይናቸው መሬት መሬት ያያል። አንጀቴን በሉት። ሰኞ መኪና አለ፣ አብረን እንሄዳለን አልሁ።

«ቀድሼ የማቆርብ ሰው በሁዳዴ በጠዋት ውሃ ልጠጣ? ሕዝቡ ምን ይላል?»

«ለሕዝቡ እኔ አለሁ።»

እሺ አላሉኝም። እምቢም አላሉኝም። ሰኞ ማለዳ ደጃቸው እቆማለሁ።