ግድግዳው ጋ የሚጠፋው ሞገድ

ለወንድሜ ልጅ፣

አልጃጀሁም። «አክስትሽ ጃጅታ ቀኑን ሙሉ ከኮምፒውተር ጋር ስትጣላ ትውላለች» ተብሎ እንደተነገረሽ ሰምቻለሁ። የተጣላሁት ከኮምፒውተሩ ጋር ሳይሆን ካሳተምሽው ጽሑፍ ጋር ነው።

ለመሆኑ እንደምን ሰነበትሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? የወንድሜ ጉልበት ተሻለው? እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ።

የማማክራት ተማሪ የመመረቂያ ሥራዋን በአንቺ ውጤት ላይ መሥርታለች። የነርቭ መረብ ያልሽው፣ በራሱ የሚማር የኮምፒውተር ፕሮግራም፣ መልሱን ሳያይ፣ የሞገዱን እኩልታ ብቻ ተነግሮት፣ ሞገዱ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ በትክክል አሳየ ብለሽ ጽፈሻል። እሷ የጻፍሽውን አንድ ሳታስቀር ስትከተል ግን ሞገዱ ግድግዳው ጋ ሲደርስ ደክሞ ይጠፋል። ደጋግማ ሞከረች፤ ያው ነው። የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ደግሞ፣ የታተመ ነገር መድገም ያቃታት ምን አዲስ ነገር ልታመጣ ነው ብሎ በሰው ፊት ቀለደባት። ከዚያ ወዲህ ትምህርቱን ልተወው ትላለች።

ስደውልልሽ «አክስቴ፣ መረቡ መማር የሚጀምርበትን ቁጥር ይቀይሩት፤ መረብ አመለኛ ነው» ብለሽ ሳቅሽ። ቀየርነው። አመሉ አልተለወጠም። በመጨረሻ ራሴ ተቀምጬ ኮዷን መስመር በመስመር ፈተሽኩት። እንከን የለውም። ይህን ስነግራት አለቀሰች። እኔም በጣም ተናደድኩ፤ በእሷ ግን አይደለም።

ትናንት በጽሑፍሽ ውስጥ ያለውን የሞገዱን ሥዕል አስፍቼ አየሁት። የሚመለሰውን ሞገድ ትናንሽ ሽብሽቦች እንደ ጭራ ይከተሉታል። እኩልታው እንዲህ ያለ ጭራ አያውቅም። ሞገዱ የሚሄድበትን ሜዳ በጥቃቅን ካሬ ከፋፍለን የምናሰላበት የድሮው ዘዴ ግን ይህን ጭራ ይፈጥራል፤ ያስተማርኩሽ እኔ ነኝና አትረሺውም። በዚያ ዘዴ ያሰላሁትን መልስ ቆንጥሬ ለመረቡ ብሰጠው፣ ሥዕልሽ ከነጭራው ቁጭ አለ።

ከዚህ በላይ አልጽፍም። የሥራ እድገትሽ በዚህ ጽሑፍ ላይ እንደተንጠለጠለ አውቃለሁ። ቢሆንም ጽሑፍሽን ላወጣው መጽሔት እውነቱን የሚጽፈው ሰው አንቺ እንድትሆኚ፣ ማንም እንዳይቀድምሽ እፈልጋለሁ።

አምላክ ልብሽን ያበርታልሽ፤ ልጆችሽን በቀና መንገድ ያሳድግልሽ።

ነገ ጠዋት በመጀመሪያ ይህን ደብዳቤ ፖስታ ቤት አደርሳለሁ። ቀጥዬ ከተማሪዬ ጋር ኃላፊው ቢሮ ገብቼ፣ ሥራዋ ትክክል መሆኑን እሷ እየሰማች እነግረዋለሁ። ታዲያ ስህተቱ የማን ነው ካለኝ፣ ያንቺ መልስ እስኪመጣ እንዲታገሰኝ እለምነዋለሁ። ሰው ለምኜ እንደማላውቅ ታውቂያለሽ።

አክስትሽ