ምንም ያልተገኘበት እግር

ለተከበሩ እኅቴ ለእትዬ አስካለ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ናፍቆት የተሞላ ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎን የአንኮበር ብርድ እንዴት አደረገው? የጋሽ ይልማስ ሳል ተዋቸው ወይ? እኔ ምስጋና ይግባውና ቆሜ እሄዳለሁ። ጤና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እጄ እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ እንዳለ እነግርዎታለሁ።

ከሰኔ ወዲህ ቀኝ እግሬን ያመኛል። ከዳሌዬ ተነሥቶ እስከ አውራ ጣቴ እንደ ሚጥሚጣ ያቃጥለኛል፤ ሲለቀኝ ደግሞ ይደነዝዛል። አያብጥ፣ አይቆስል፤ ለሚያየው ደህና እግር ነው። እንደሚያውቁት መሃል ከተማ በልብስ ሰፊዎች ኅብረት ሥራ ነው የምውለው፤ መኪናው ደግሞ በእግር የሚረገጥ ነው። መርገጫውን መርገጤን የማውቀው ጎንበስ ብዬ ሳየው ነው። ወጌሻ አሽቶኛል፣ ዋግምት ተደርጎልኛል፣ ጠበልም ገብቻለሁ።

በኅዳር ወር ሆስፒታል ሄጄ ራጅ ተነሣሁ። ሐኪሙ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና አጥንትህ ደህና ነው፣ ምንም አልተገኘም፤ ግን የነርቭ ሊሆን ስለሚችል አዲስ አበባ የነርቭ ሐኪም ይይህ ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ። ቀጠሮው የካቲት 11 ነው። ስመለስ ጎረቤት ምን አሉህ ቢለኝ የፊተኛውን ተናገርኩ፤ ለኋለኛው ጊዜ አልሰጡኝም፣ እልልታውን አቀለጡት። በታኅሣሥ ገብርኤል የጽዋ ማኅበርተኞቼ ስለ መዳኔ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ። ቄሱ ባረኩት። እኔም እያቃጠለኝ ቆርሼ በላሁ፤ እንኳን ማረህ ሲሉኝ አሜን አልኩ። እትዬ፣ የምስጋና ዳቦ ከተበላ በኋላ እንዴት ተመልሶ አመመኝ ይባላል? የኅብረት ሥራው ሊቀመንበር ጓድ ግዛቸውም መዳኔን ሰምቶ ሙሉ ሥራዬን መለሰልኝ። ያለ እሱ የፈቃድ ወረቀት ደግሞ አዲስ አበባ መሄድ አልችልም። አልዳንኩም ብዬ ፈቃዱን ሳልጠይቅ መስፋቴን ቀጠልኩ። ቀጠሮው ሊያልፈኝ ነበር።

ታቢታ የምትባል የሲዳማ ልጅ ከአጠገቤ ትሰፋለች። ጸሎቷ በእኛ ደንብ አይደለም፣ ፈጣሪዋን ግን ትፈራለች። አንድ ቀን ጎንበስ ስል አየችኝና፣ “ጋሼ ባዬ፣ እግርዎን በዓይንዎ ነው እንዴ የሚፈልጉት?” አለችኝ። የሰማው ሁሉ ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። ስንወጣ ለምን አይናገሩም ብላ ያዘችኝ። ዳቦው ተበልቷል አልኳት። “የበሉት እነሱ፣ የሚያመው እርስዎን” ብላኝ ሄደች።

የዚያን ዕለት ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርጄ ዓሣ ሻጮቹ እስኪበተኑ ተቀመጥኩ። ራሴን መረመርኩ። ለእርስዎ ያልነገርኩት አለ። ባለቤቴ ሙሉጌጥ ድንገት ሞተች ብዬ ነበር የጻፍኩልዎ። ድንገት አልነበረም። ጎኔን ያቃጥለኛል ትለኝ ነበር። ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት፣ ምንም አልተገኘባትም አሉ። ዳቦውን ያስጋገርኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት የጠራሁትም እኔ ነኝ። ቆርሳ በላች፣ አሜን አለች፤ ከዚያ ወዲያ አመመኝ ብላ አታውቅም። እኔም ዳነች አልኩ። በአራተኛው ወር ቀበርናት። ይህን ስጽፍ ማልቀስ ይገባኝ ነበር፤ አልመጣልኝም። የሌላ ሰው ወሬ እንደምጽፍ ሆኜ ነው የምጽፈው።

በጥር ገብርኤል ጽዋው ከመዞሩ በፊት ተነሥቼ፣ “አልዳንኩም፤ ዳቦውን ስንበላም አልዳንኩም ነበር” አልኳቸው። አንዱ ታዲያ የበላነውን ምን እናድርገው ብሎ ጠየቀ፤ የምሩን ነው። የማኅበሩ አለቃ ጋሽ ሽበሺ፣ “ዳቦ ከሆድ አይመለስ። ባዬ ታሟል፣ ጸልዩለት” ብለው ጽዋውን አዞሩ። ሌላ ነገር አልመጣም። በማግስቱ ጓድ ግዛቸውም እንዳልዳንኩ ስነግረው ቀና ብሎ ሳያየኝ ወረቀቱን ፈረመልኝ። የከበደኝ ይህን ያህል ቀላል መሆኑ ነው። ለሙሉጌጥም አንድ ቃል ይበቃት ነበር፤ ያንን ቃል ያስዋጥኳት እኔ ነኝ።

የነርቭ ሐኪሙ ምን እንደሚለኝ አላውቅም። አንዳንዴ ቅጣቴ ነው እላለሁ፤ አንዳንዴ ደግሞ እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ሒሳብ አይዝም እላለሁ። ከሁለቱ የትኛውን እንደማምን ለራሴም አልታወቀኝም። ብቻ ቢገኝብኝም ባይገኝብኝም፣ ሐኪሙ እንዳየኝ በደብረ ብርሃን አድርጌ ወደ እናንተ እወጣለሁ። የሙሉጌጥ እናት እማማ ዘነበች እስከ ዛሬ ልጄ ድንገት ተለየችኝ ነው የሚሉት። ከእኔው አፍ ይስሙት። እስከዚያው ይህን ወረቀት ለሰው አያስነብቡብኝ።

ለጋሽ ይልማ ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም ብያለሁ። ለሸዋዬና ለባለቤቷ፣ እንዲሁም ገና ላላየሁት ሕፃኗ ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ለእማማ ዘነበች ባዬ ሊመጣ ነው ብለው ብቻ ይንገሩልኝ። ለምን ቢሉዎ፣ አላውቅም ይበሉ።

ታናሽ ወንድምዎ
ባዬ

አዋሳ፣ ጥር 23 ቀን 1979 ዓ.ም.