ማጉረምረም የተወው ቡችላ

ኦክላንድ፣ እሑድ ጥቅምት 8 ቀን 1991 ዓ.ም.

ለባለቤቴ ለረምዚያ፣ ደሴ

አሰላሙ ዐለይኩም ረምዚያዬ። የእማማ ስብራት ገጠመላቸው? አሁን በምርኩዝ ይነሳሉ ወይስ ገና አልጋ ላይ ናቸው?

ሌይላ ደህና ናት። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት የሚቀጥለውን ስታነቢ እንዳትደነግጪ ነው። ሐሙስ መስከረም 28 ስደውልልሽ «ተኝታለች» ያልኩሽ ውሸት ነበር። ከስልኩ አጠገብ፣ ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሎ ተቀምጣ ነበር። ቡችላው ነክሷታል። ሁለት ቦታ ተሰፍታለች። ጣቶቿ ሁሉ ይንቀሳቀሳሉ፣ ስፌቱም ባለፈው ረቡዕ ተፈቷል። በአምስት ደቂቃ የስልክ ካርድ የሚነገር ስላልሆነ ነው የዋሸሁሽ።

ከመጀመሪያው ልንገርሽ። አንቺ በሄድሽ በሳምንቱ የሱቁ የኋላ በር ተሰበረ። ብዙ አልተወሰደም፣ ግን አንዴ የገባ ሌባ መንገዱን ለምዷል። ስለዚህ ታክሲ የሚነዳውን ሳህሉን ቡችላ ፈልግልኝ አልኩት። ሦስት ወር የሞላው፣ ደረቱ ነጭ፣ ሌላው ጥቁር ቡችላ አመጣልኝ። ውሻ ቤት አይገባም ብዬ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ጠባብ ግቢ አሰርኩት። እኔ ነብሮ አልኩት፤ ሌይላ ኩኪ አለችው።

«ኩኪ የሚባል ውሻ የትኛው ሌባ ይፈራል?» አልኳት።

«ሂ ኢዝ ኤ ቤቢ፣ ዳዲ» አለችኝ።

አባቴ የኮምቦልቻውን መጋዘን ውሾች እንዴት ያሳድግ እንደነበር አጫውቼሻለሁ። ቀን ይታሰራሉ። ልጅ አይጫወትባቸውም። የሚያበላቸው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ምግቡን ሰጥቶ መልሶ ይነጥቃል፣ እስኪቆጡ ድረስ በእንጨት ይነካካቸዋል። «ያልተቆጣ ውሻ በግ ነው» ይል ነበር። ሠላሳ ዓመት መጋዘኑ አልተደፈረም። እኔም የማውቀውን አደረግሁ።

ሌይላ ከትምህርት ቤት ስትመጣ የቤት ሥራዋን የምትሠራው ሱቅ ውስጥ ነው። ወደ ውሻው እንዳትሄድ ከልክያታለሁ። ማክሰኞ፣ መስከረም 26፣ ለደንበኛ ኮረሪማ እየመዘንኩ ጩኸቷን ሰማሁ። ስወጣ እጇን በቀሚሷ ይዛለች፣ ቀሚሱ ቀልቷል፤ ቡችላው ደግሞ ሰንሰለቱ እስከሚደርስበት ጥግ ድረስ ሸሽቶ ይንቀጠቀጣል። ሰንሰለቱ አጥሮት ሳህኑ ጋ መድረስ ሲያቅተው አይታ ልታቀርብለት ነበር።

«አጉረመረመ?» አልኳት ወደ ሆስፒታል ስንሄድ በመኪናው ውስጥ።

ራሷን ወዘወዘች። ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ነበር፣ ስለዚህ ጨዋ የሆነ መሰለኝ አለችኝ።

ከሆስፒታል ለከተማው አስታወቁ፤ ሕጉ ነው። በማግስቱ የከተማው የእንስሳት ቁጥጥር ሠራተኛ መጥቶ ቡችላውን ወደ ማቆያ ወሰደው። አሥር ቀን ተዘግቶበት የእብድ ውሻ በሽታ እንደሌለበት ይታያል፣ በአሥረኛው ቀን ዓርብ ወይ እወስደዋለሁ ወይ እፈርምና እተወዋለሁ። «ብተወውስ?» አልኩት። «ልጅ የነከሰ ውሻ ለሌላ ሰው አንሰጥም» አለኝ፤ ሌላ አላለም፣ ገባኝ።

እኔ ወዲያው ወስኜ ነበር። ውሻ ለጥበቃ ነው የገዛሁት፤ ልጄን ከነከሰ አይጠቅመኝም። ለሌይላም ዓርብ እፈርማለሁ አልኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። «ኦኬ» አለችኝ ብቻ። ራት ብዪ ስላት ኦኬ። እጅሽን ያምሻል ስላት ኦኬ። በስልክ ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪ ስላት ራሷን ወዘወዘች፣ ለዚህ ነው ተኝታለች ያልኩሽ።

እትዬ ጽጌን ታስታውሻታለሽ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ ከሳን ሆዜ መጥታ በርበሬና ጤፍ የምትወስደዋ፣ ፀጉሯ የሸበተው። እዚያ የእንስሳት ክሊኒክ ከሠራች አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ መጥታ የሌይላን ፋሻ ስታይ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

«ውሻው ሲፈጥረው ክፉ ነው» አልኳት።

«ቡችላ ሲፈጥረው ክፉ የሆነ በእድሜዬ ሁለት ባይ ነው። ምን ምን ያደርግ ነበር?»

«ውሻው እዚህ የለ፣ ምኑን ላሳይሽ?»

«ያቺ ደብተርህስ? ስታስነጥስ እንኳ የምትጽፍ ሰው አይደለህም?»

ሱቅ ከመዝጋቴ በፊት የዕለቱን እንደምጽፍ አንቺም ትስቂብኝ የለ። አመጣሁላት። ጮክ ብላ አነበበችው፣ እንዳለ ልገልብጥልሽ።

«መስከረም 3፦ ሳህኑን ስነጥቀው አጉረመረመ። ጥሩ ነው።

መስከረም 11፦ አጥንቱን ስወስድ ጥርሱን አሳየ። በጣም ጥሩ።

መስከረም 16፦ ሌይላ ባጠገቡ ስታልፍ አጉረመረመባት። በመጥረጊያው እንጨት መታሁት።

መስከረም 19፦ እንደገና አጉረመረመባት፣ መታሁት።

መስከረም 24፦ አራት ቀን ሆነው፣ ዝም ብሏል። ቤተሰብ መለየት ጀመረ።»

እትዬ ጽጌ ደብተሩን ዘጋችው። «አንተ ሰውዬ፣ ንግድ እንዲህ ነው የምትነግደው?»

«እንዴት?»

«ማጉረምረም ማለት ‹ተው› ማለት ነው። ሌላ ቋንቋ የለውም። እጅ ስትዘረጋ ምግቡ እንደሚሄድ አስተማርከው፤ እሱ ‹ተው› ሲል አመሰገንከው። ለልጅህ ‹ተዪ› ሲላት ደበደብከው። መፍራቱን አልተወም፣ መናገሩን ነው የተወው። ታዲያ ምን ይቀረዋል? ጥርሱ!»

እሷ ወደ ሌይላ ዞረች። «ነይ እስቲ የኔ ቆንጆ፣ ኩኪ መጫወት ሲፈልግ እንዴት ይሆን ነበር?»

ሌይላ ከአራት ቀን ዝምታ በኋላ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ክርኗን መሬት አድርጋ ቂጧን ሰቀለች፣ ግራና ቀኝ ተወዛወዘች፣ አጉረመረመችም። እንዲህ የሚያደርገው አጥሩ ሥር ስቀመጥ ነበር አለች። ለካ ስከለክላት እየሄደች ኖራለች።

«ይኼ ጨዋታ ነው» አለችኝ እትዬ ጽጌ። «ሰውነቱ ልል ነው፣ ይዘላል፣ ቢያጉረመርም ቢነካክስ የልጅ ነገር ነው። እሺ፣ የነከሰሽ ቀንስ?»

ሌይላ አንገቷን ደፋች፣ በሌለ ሳህን ላይ። ትከሻዋ ድርቅ አለ። ፊቷን ሳታዞር ዓይኗን ብቻ ወደ ጎን አድርጋ፣ ነጩ እየታየ፣ አየችኝ። አንድ ደንበኛ ገብቶ ነበር፤ እሱም ቆሞ ቀረ። ረምዚያ፣ ልጄን እንደዚያ አይቻት አላውቅም፣ ወይም አይቻት ልብ አላልኩም።

«ድርቅ ብሎ የቆመ ቡችላ ጨዋ ቡችላ አይደለም» አለች እትዬ ጽጌ። «ከመንከሱ በፊት የሚሆነው ይህ ነው። አሁን ነይ ተነሺ።»

ከዚያ በኋላ የሆነውን በግልጽ ተነጋገርን። እንዲህ የሆነ ቡችላ ልጅ ያለበት ቤት አሁን አይመለስም አለች፤ ግን ገና አምስት ወር አልሞላውምና ይታረማል። እሷ ዘንድ ሳን ሆዜ ወስዳ ልታሠለጥነው ተስማማች። ሱቁን በተመለከተ ለኋላው በር የብረት መዝጊያ አሠርቻለሁ፤ መጀመሪያውኑም የሚያስፈልገው እሱ ነበር።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስታችን ወደ ማቆያው ሄድን። ቡችላውን ወደ ትንሽ ክፍል አስገቡልን። እትዬ ጽጌ ጎን ለጎን መሬት ላይ አስቀመጠችን፣ ዓይኑን አትዩት፣ እጅ አትዘርጉ አለች። እየተንደረደረ መጥቶ የሌይላን ጫማ አሸተተ፣ ጭራው ከነወገቡ ተወዛወዘ። እኔ ቸኩዬ ገመዱን ላነሳ ጎንበስ አልኩ። ድርቅ አለ። ከደረቱ ውስጥ፣ በጣም ቀስ ያለ፣ አጉረመረመብኝ።

ሠራተኛው የውሻ መያዣ ዘንጉን አንስቶ ብድግ አለ። አለቀ አልኩ፣ አሁን ሐሳባቸውን ይለውጣሉ።

«ተቀመጥ!» አለችው ሠራተኛውን እትዬ ጽጌ በእንግሊዝኛ፤ ለእኔ በአማርኛ «ባህረዲን፣ ተናገረህ እኮ። ወደ ኋላ በል!»

ወደ ኋላ አልኩ፣ ጀርባዬ ግድግዳ እስኪነካ። ቡችላው ተነፈሰ፣ ሄዶ ሌይላ ጭን ላይ ተኛ። እኔ ዘንድ አልመጣም። ወረቀቱን ፈርሜ ወሰድነው።

ወደ ሳን ሆዜ ስንነዳ ሌይላ ከኋላ ሆና ጀመረችኝ። እሱ ነግሮህ ነበር፣ አንተ መታኸው፣ ያንተ ጥፋት ነው፣ እኔም ነግሬህ ነበር፣ አልሰማህም። በእንግሊዝኛ ነው፣ ጮክ ብላ፣ እያለቀሰች። ድምፅሽን ቀንሺ የሚለው ቃል ከንፈሬ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። እትዬ ጽጌ በመስኮት ውጭ ውጭውን ታያለች። እስከ ሄይዋርድ ድረስ ጮኸችብኝ፣ «ልክ ነሽ» አልኳት፣ ከዚያ ውሃ ጠየቀችኝ።

አንድ ነገር ደግሞ። አንቺ ከመሄድሽ በፊት ሁለት ወር ያህል አንድም ነገር አልተከራከርሽኝም። የሱቁን ሰዓት፣ የኪራዩን ቤት፣ የወንድሜን ነገር፣ ሁሉን «እንዳልክ» ትዪኝ ነበር። በደብተሬ ላይ «ቤታችን ሰላም ነው» ብዬ ጽፌዋለሁ። የመመለሻ ቲኬትሽን ሁለት ጊዜ ያራዘምሽው በእማማ ስብራት ብቻ ከሆነ፣ አላህ ቶሎ ያሽርልን እላለሁ። ሌላም ካለ ስደውልልሽ ንገሪኝ፣ ካርዱ እስኪያልቅ ተቆጪኝ። ካለቀም ሌላ ካርድ አለ፣ ሱቁ የኛ ነው።

እማማን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ዱዓቸው አይለየን፣ ያንቺም መንገድ በሄድሽበት ሁሉ ሜዳ ይሁን።

ባህረዲን