እስከ ሰባት ቆጥሬ ነበር

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ፣ ለቤታችን ዳኛ፤

እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ጉሮሮዬን ያመኛል ብለሽ ነበር፤ ተሻለሽ ወይስ ተማሪዎችሽ ላይ መጮኹን አልተውሽም? እናትሽ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? አያትሽ አሁንም ሰፈሩ ሳይነቃ ሬዲዮኑን ትከፍታለች? ወንድምሽስ ጢሙ መጣለት ወይስ መስታወት ፊት ቆሞ እየለመነ ነው? እኔ ደህና ነኝ፣ ናፍቆታችሁ ካልሆነ ምንም የጎደለብኝ የለም። አባትሽም እያገገመ ነው። ማንኮራፋት ጀምሯል፤ ይህ የጎድን አጥንቱ መጠገኑን የሚያሳይ ምልክት ነው ብሎ ሐኪሙ ባይነግረኝም እኔ በራሴ ሥልጣን ወስኛለሁ።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ጽሕፈትሽ እየተሻሻለ ነው። ድሮ ዶሮ የጫረው ይመስል ነበር፤ አሁን ዶሮዋ ትምህርት ቤት የገባች ይመስላል። ይህን ሁሉ ወረቀት የማባክነው ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ስላሰፈርሽው ነገር ነው። «አጎቴ፣ አንተ ከላይ ባትኖር ኖሮ አባቴን አናገኘውም ነበር፤ ዕድሜ ይስጥልኝ» ብለሻል። ያችን ምስጋና ልዋጣት ብል ጉሮሮዬ ላይ ቆመች። ልጅ ሳለሽ እኔና አባትሽ ዳማ ስንጫወት ማን እንዳጭበረበረ የምትፈርጂው አንቺ ነበርሽ። ሁልጊዜ የምትፈርጂው በኔ ላይ ነበር፣ ሁልጊዜም ልክ ነበርሽ። እንግዲህ አሁንም የሆነውን እንደሆነ ልንገርሽና አንቺው ፍረጂ።

ሥራችን የከተማው ፍሳሽ፣ የውሃ ቱቦና የስልክ ገመድ የሚቀበርበትን ቦይ መቆፈር እንደሆነ ታውቂያለሽ። የማታውቂው አፈሩን ነው። እዚህ ያለው ጥቁር ሸክላ አፈር ነው። አሸዋ ቢሆን ገና ሲነኩት ስለሚናድ ማንም አያምነውም። ሸክላ ግን በቢላ እንደተቆረጠ ሳሙና ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ግድግዳውም ያብረቀርቃል። ጠዋት ቆሞ፣ ቀትር ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ ከለመደው በኋላ እንደ ቁም ሣጥን በአንድ ላይ ይወርዳል። ዝናብ ሲጠጣ ያብጣል፣ ፀሐይ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። ስንጥቁም ከቦዩ አፋፍ አንድ እርምጃ ገባ ብሎ፣ ቆፍረን በቆለልነው አፈር ሥር ተደብቆ ይሄዳል። ለዚህ ነው ግራና ቀኙን በሳንቃ ደግፈን መሃሉን በብረት ጃክ የምንወጥረው። ቱቦው በተዘረጋ ቁጥር ድጋፉን እየነቀልን ወደፊት እናዛውራለን። አደጋው ያለው በዚያ በማዛወሩ መሃል ነው።

አንድ ሰው ታች ይሠራል፣ አንድ ሰው ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል። ውሃ የሚስበው ሞተር ስለሚጮኽ፣ መኪናውም ስለማያባራ፣ ከታች ሆኖ መጣራት ዋጋ የለውም። ስለዚህ ላይ ያለው ሰው አንድ እግሩን የብረት መሰላሉ ራስ ላይ አሳርፎ ይቆማል፤ ታች ያለው መሰላሉን በመዶሻ ይመታል። አንድ ምት ዕቃ አውርድ፣ ሁለት ምት አቁም፣ ሦስት ምት አውጣኝ ማለት ነው። በጆሮ ሳይሆን በእግር ነው የምንሰማማው።

ከአራት ዓመት በፊት፣ አባትሽ ገና ወደዚህ ሳይመጣ፣ ታች የሚሠራው ሌላ ጓደኛዬ ነበር። ውሃልክ ነበር የምንለው፤ የቱቦውን ዝንባሌ የሚለካባት ውሃ ልክ ከኪሱ አትለይም። ምሳ ቤት ስንገባ እንኳ ጠረጴዛውን ሳይለካ አይቀመጥም፣ ከተንጋደደ ደግሞ አስተናጋጁ ላይ ይፈርድበታል። አንድ ቀን ቀትር ላይ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት ፊት ለፊት፣ ሦስት መታ። «ውጣ» ብዬ ጎንበስ ስል አፈሩ ቀድሞኝ ወረደ። ሰው ያለበት አፈር በማሽን አይነካም። በአካፋ ቆፈርን፣ ቀጥሎ በእጃችን። እኛ እየቆፈርን መሰላሉ ይመታ ነበር። ሦስት፣ ጥቂት ዝም፣ ደግሞ ሦስት። መሰላሉ ላይ ተደግፌ ስለነበር ምቱ በጉልበቴ ይገባ ነበር። ከዚያ ቀረ። ስንደርስበት መዶሻውን እንደጨበጠ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱ ምት አልተወኝም። አውቶቡስ ውስጥ የወንበሩ ብረት ላይ እግሬን አላሳርፍም። የብረት አልጋዬን ለጎረቤት ሰጥቼ ፍራሼን መሬት ላይ የዘረጋሁት ወገቤን አሞኝ ነው ብዬሽ ነበር። ወገቤ ደህና ነው፤ የሚመታው አልጋው ነበር። ሥራ ላይ ደግሞ በመጣብኝ ቁጥር «ውጣ» እላለሁ፣ ሰውየው ይወጣል፣ ምንም ነገር የለም። ፎርማኑ እኔን ማቆምና ደወል መስቀል አንድ ነው አለ፣ ስሜም ደወል ሆኖ ቀረ። አባትሽ መጥቶ ታች መሥራት ሲጀምር በቀን አራት ጊዜ አስወጣው ነበር። አንድ ቀን አልተቆጣኝም። «ከጉድጓድ በመውጣቴ የቆጨኝ ቀን የለም» ይል ነበር። እኔ ግን አፈርኩ፤ ሰውን መሳቂያ ማድረግ የለመደ ሰው መሳቂያ መሆን አይችልበትም።

ስለዚህ ዘዴ አበጀሁ። የውሃልክ ምት፣ እሱ ከሞተ ወዲህ ማለቴ ነው፣ አንዴ መጥቶ አይደገምም። በሕይወት ያለ ሰው ግን መልስ ካጣ ይደግማል። እንግዲያው ሦስት ሲመጣብኝ ዝም ብዬ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ካልተደገመ እሱ ነው፤ በሆዴ ጤና ይስጥልኝ ብዬ አሳልፈዋለሁ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሠራሁ። አባትሽ በዚህ ሁለት ዓመት አንድም ቀን ሦስት አልመታም፣ እኔም አልተሳሳትኩም። ደወል የሚለው ስም ተረሳ። በዘዴዬ እኮራ ነበር፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ያ ሐሙስ ረፋድ ነበር። ሦስት ቀን ሲዘንብ ቆይቶ ሁለት ቀን ፀሐይ ወጥቷል። የኋላውን ድጋፍ ነቅለን የፊቱን ገና ሳናስገባ፣ አባትሽ የቱቦውን መጋጠሚያ ልጥረግ ብሎ ወረደ። እዚያ ጋ፣ ልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት፣ መንገዱ ጠባብ ስለሆነ አፈሩን አፋፉ ድረስ ቆልለነዋል። ሦስት መታ። እግሬ ላይ ጥርት ብሎ መጣ። እኔም መቁጠር ጀመርኩ። አምስት ላይ ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በሩ ላይ ቆሞ ወደኔ በእጁ ሲያመለክት አየሁ። ሰላምታ መስሎኝ እጄን አነሳሁለት። ለካ የተሰነጠቀውን መሬት ነበር የሚያሳየኝ። ስድስት። ሰባት ስል ክምሩ ከነአፋፉ ሄደ። አባትሽ ለመድገም ጊዜ አላገኘም።

እስከ ደረቱ ነው የተቀበረው። ሰው ተሰብስቦ ክንዱን ይዘን እንጎትተው አለ፤ ሸክላ ግን የያዘውን አይለቅምና ብንጎትት የሚመጣልን ክንዱ ብቻ ነበር። በእጄ ቆፍሬ አወጣሁት። ያ የሰማሽው ክፍል እውነት ነው። ቦት ጫማው እስከ ዛሬ እዚያው አፈሩ ውስጥ ነው፤ ቱቦውን ከላዩ አሳልፈንበታል።

በነጋታው ሆስፒታል ስገባ፣ እኔ አፌን ሳልከፍት፣ «ሞተሩ መሬቱን ያንቀጠቅጠው ነበር፤ ምቱ ባይሰማህ አይፈረድብህም» አለኝ። እውነትህን ነው እንደማለት ራሴን ነቀነቅሁ። የዋሸው አፌ ሳይሆን አንገቴ ነው።

ደብዳቤሽ ሲመጣ አባትሽ ወደ ክፍላችን ተመልሶ ነበር። መነጽሩ አደጋው ላይ ስለተሰበረ አንብብልኝ አለኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ልዘል ሞከርኩ። «ዘለልክ» አለኝ፤ ያ ሰው ዐይኑ ባያይም እኔን ያየኛል። አነበብኩለት። ፈገግ አለና «ልጄ ልክ ናት» አለ። ቀጥሎ፣ የተሰበረው እግሩ ሲድን ተመልሶ እንደሚወርድ፣ ላይ የምቆመው እኔ ካልሆንኩ ግን እንደማይወርድ ለፎርማኑ እንደነገረው አጫወተኝ። ከዚህ በኋላ ዝም ብል ሰውየውን ዐይኔ እያየ ልቀብረው ነው። ስለ ውሃልክ፣ ስለ ቆጠራው፣ ልብስ ሰፊው ላይ ስላነሳሁት እጅ ሳይቀር ነገርኩት።

«ስንት ደረስክ?» አለኝ። ሰባት አልኩት። «ሰባት» ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።

አሥራ አንድ ቀን አላናገረኝም። ክፍላችን ሁለት ሰው ተያይቶ ካልሆነ የማይተላለፍባት እንደሆነች ታውቂያለሽ። ሲጠማው በጣቱ ጆጉን ያሳየኛል፣ እቀዳለታለሁ። ቀልድ ሞከርኩ፤ ከሱ ይልቅ ግድግዳው ይስቅ ነበር። የሥራ መልቀቂያ ጠይቄ ወደ እናንተ ልምጣ አልኩና፣ እናትሽን በምን ፊት እንደማያት ሳስበው ተውኩት።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሥራ ቦታ ቆሜ ሳለሁ አባትሽ ከታክሲ ወረደ። አንድ እግሩ በጀሶ ነው፣ ከዘራ ይዟል። ሊደግፈው የመጣውን ሁሉ በክርኑ እያራቀ መሰላሉ ጋ ደረሰ። ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና ደህናውን እግሩን መሰላሉ ራስ ላይ አሳረፈ። መዶሻውን ወደኔ ዘረጋ። «ውረድ» አለኝ።

ከውሃልክ ወዲህ ታች ወርጄ አላውቅም። ወረድኩ። ታች ያለው ብርሃን ሌላ ነው፤ ሰማዩ እንደ መቀነት ጠቦ ይታያል። ድጋፉ ሙሉ ነበር፣ አፈሩንም ከአፋፉ አርቀነዋል፤ እንዲያም ሆኖ ሳንቃዎቹን አንድ በአንድ እየገፋሁ ፈተንኳቸው። ቀና ስል የሚታየኝ የአባትሽ ጫማ ሶል ብቻ ነው። ይህ ሰው እስከ ሰባት ሊቆጥርልኝ ይችላል ብዬ አሰብኩ፤ ቢቆጥርም ልከሰው አልችልም። ጥቂት እንደሠራሁ ከሳንቃው ኋላ አንድ እፍኝ የምታህል ፍርፋሪ ወረደች። መሰላሉን መታሁ። ሦስተኛው ምት ሳያልቅ «ውጣ» ሲል ሰማሁ፣ እጁም ኮሌታዬ ላይ ነበር፤ ያን እግር ይዞ እንዴት እንደጎነበሰ አላውቅም።

ምንም አልወደቀም። ግድግዳው ይህን ስጽፍልሽም እንደቆመ ነው። ፎርማኑ መጥቶ፣ ሥራ ያስቆማችሁት ለአንዲት እፍኝ አፈር ነው ወይ ብሎ ተቆጣ። አባትሽ «እኔ ሳልቆጥር ነው የማወጣው» አለው። ፎርማኑ የሚቆጠረው ምን እንደሆነ አልገባውም። ታች ማንም ስለሌለ መሰላሉን አንሱት ብሎ አዘዘ። አባትሽ እግሩን አላነሳም። እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ድረስ እንደዚያው ባልዲው ላይ ተቀምጦ ባዶውን ቦይ ሲጠብቅ ዋለ።

አውቶቡስ ስንጠብቅ ለምን መሰላሉን ከለከልክ አልኩት። ጫማውን አየ። «አንተ ከወጣህ በኋላም መጣ» አለኝ። ምን መጣ አልኩት፣ እያወቅሁ። «ሦስት» አለ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ አላወራንም። እኔን ሊያሳርፈኝ ብሎ ያለው ይሁን፣ ወይም እውነት መጥቶበት፣ አላውቅም። አባትሽ ለሰው ደስታ ብሎ ሲዋሽ አይቼው አላውቅም። ትናንት ግን አልጋውን ከግድግዳው አርቆ፣ አራቱም እግር ሥር ጨርቅ ሲያደርግ አገኘሁት።

ሁለተኛውን ገጽ አጥፌ ከዚህ ጋር መልሼልሻለሁ። ፈርደሽ የሚገባኝ ከሆነ መልሰሽ ላኪው፤ ካልሆነም እዚያው ይቅር፣ አላኮርፍም። ለእናትሽ አንቺው አንብቢላት፣ ስታነብቢ ግን ቁጭ ብላ ይሁን።

እህቴን፣ እናትሽን፣ ጉልበቷን ስሜ ሰላም እላታለሁ። ለአያትሽ ሬዲዮኑን ትንሽ ቀነስ አድርጊው፣ እዚህ ድረስ ይሰማል ብሏል በይልኝ። ወንድምሽን ጢሙን ሳይሆን ግንባሩን ሳሚልኝ። አባትሽ አጠገቤ ሆኖ ሁላችሁንም ሰላም ብሏል፤ አሁን ነቅቷል፣ እግሩንም ከወለሉ ላይ አንስቶ ፍራሹ ላይ አድርጓል።

አጎትሽ

ከክፍላችን፣ በመስኮቱ በኩል
ማክሰኞ፣ ዝናቡ ካቆመ በአራተኛው ቀን