በርጩማው አሁንም በሩ አጠገብ ነው

ለእህቴ ለረይሐና ባድሩ
አዲስ አበባ፣ መርካቶ

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ። ጤናሽ እንዴት ነው? ክረምት ሲቃረብ የሚነሳብሽ ሳል ዘንድሮስ ተወሽ? የአጎቴ የኢስሃቅ ወገብ ተሻለው ወይ? ቤቱስ፣ ሱቁስ፣ ጎረቤቱስ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። አባዬ ሱቁን እንደ ድሮው በጠዋት ይከፍታል። እማዬም ከየካቲት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰሞኑን ገበያ ወጥታ የጫሞ ዓሣ ገዝታ መጣች። ጠብሳ ስታወጣ ለአራት ሰው ከፈለችው። ከዚያ አንዱን ድርሻ ወደ መጥበሻው መለሰችው። የቀረውን ሦስታችን በላን።

ሁልጊዜ «እታለም» ብዬ እንደምጀምር ታውቂያለሽ። ዛሬ እጄ እምቢ አለኝ። በስልክ ያልነገርኩሽ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። ይህን ደብዳቤ ሱቅ ውስጥ ሰው ፊት አትክፈቺው። ቤት ገብተሽ፣ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ነገሩ የጀመረው ትምህርት ቤት ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን መምህር ኢሳያስ የምታደንቁትን ሰው የሕይወት ታሪክ ጻፉ አለን። ግማሹ ክፍል ስለ ጋሽ ፈቃደ ጻፈ። በእሱ ፕሮግራም ያላደገ ማን አለ? አንቺም ትንሽ ሆነሽ ቅዳሜ ከሰዓት ቴሌቪዥኑ ፊት ተተክለሽ አልነበር? ያ ነጭ የተለጠፈ ጢሙ፣ ያ ሰፊ ኮፍያው። በየሳምንቱ አንድ ልጅ ቤት ይሄድና በሩን ሦስት ጊዜ ያንኳኳል። ልጁ ከውስጥ «ማነው?» ሲል «እንግዳ ነኝ፣ ዛሬ ተራው የእናንተ ነው» ይላል። ሶፋ ላይ ተቀመጥ ቢሉት እሺ አይልም፤ ልጁ ያዘጋጀለት በርጩማ ላይ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ተረቱን የሚያወራውም ልጁ የራሱን አውርቶ ከጨረሰ በኋላ ነው።

እኔም ስለ እሱ ጻፍኩ። የመጀመሪያው መስመር «ጋሽ ፈቃደ ውሸታም ሰው ነው» የሚል ነበር። መምህር ኢሳያስ ለብቻው አነበበውና ለክፍሉ ማንበብ ትፈልጋለህ ወይ አለኝ። ተነስቼ አነበብኩ። ትንሿ እህታችን ሉብና ልቧ ደክሞ ከአልጋ መውረድ ሲያቅታት በኅዳር ደብዳቤ እንደጻፈችለት፣ በደብዳቤው ላይ የእሱን ኮፍያ ያጠለቀ አዞ እንደሳለችለት፣ እህቴ ረይሐና የቴሌቪዥን ጣቢያው ድረስ ወስዳ በእጁ እንደሰጠችው፣ «ስሟን ሁለቴ አነበበው፤ እመጣለሁ ብሏል» ብላ እንደደወለችልን አነበብኩ። ሉብና ከአባዬ ሱቅ በተረፈ አረንጓዴ ቀለም አልጋዋ ላይ ሆና በርጩማውን በእጇ እንደቀባችው፣ በየቅዳሜው የዒድ ቀሚሴን አልብሱኝ፣ በርጩማውንም በሩ አጠገብ አድርጉልኝ ትል እንደነበር አነበብኩ። እኔ ስቀመጥበት «ተነስ፣ አንተ እንግዳ አይደለህም» ትለኝ እንደነበርም ጽፌ ነበር። እዚያ ላይ ልጆቹ ሳቁ። እኔም ልስቅ ነበር። መጨረሻውን ግን ማንበብ አቃተኝ፤ ለአንቺ ልጻፍልሽ። ባረፈችበት ሳምንት፣ ቅዳሜ ማታ፣ «ሚፍታ፣ ምን አጥፍቼ ነው የቀረው?» አለችኝ። መንገዱ ተበላሽቶ ነው አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ያን ጊዜ ከኋላ ኖላዊት ተነሳች። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ የምትመጣው፣ ብዙ የማታወራው ልጅ ናት። «አፍህን ሰብስብ። ጋሽ ፈቃደ አጎቴ ነው፤ እኛ ቤት ነው ያለው» አለችኝ። አንዱ ልጅ «እኔም የጠቅላይ ሚኒስትሩ ልጅ ነኝ» ብሎ አሾፈባት። እሷ ግን እያለቀሰች ነበር። ሥራ ካቆመ ሦስት ዓመት እንዳለፈው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምናየው የድሮ ቅጂ እንደሆነ፣ ጉሮሮውን ታሞ ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ወዲህ ድምፁ ጨርሶ እንደጠፋ ነገረችን። እኔ አላመንኳትም።

ከትምህርት በኋላ በሚኒባስ ሴቻ ወሰደችኝ። አስቢው ረይሐና፣ ከእኛ ሰፈር ከሲቀላ ሩብ ሰዓት አይሞላም። አባቱ መምህር ሸዋንዳኝ ከሰሜን መጥተው እዚህ ሲያስተምሩ በሠሩት ቤት፣ ከእህቱ ከኖላዊት እናት ከወይዘሮ ልክነሽ ጋር ነው የሚኖረው። ጢም የለውም፣ ኮፍያ የለውም፤ የሰፈሩ ሰው እንጂ ሌላው ከተማ የማያውቀው ለዚህ ነው። አንገቱን በጋሞ ሽመና፣ በዱንጉዛ ሻርፕ ጠቅልሎ፣ ደብተር ጭኑ ላይ አድርጎ የአባያን ሐይቅ ቁልቁል እያየ በረንዳው ላይ ተቀምጧል። ኖላዊት የሆነውን ስትነግረው እየጻፈ መለሰልኝ። ከልጅነቱ ጀምሮ የሆነውን ሁሉ ጽፎ አሳየኝ። ጨንቻ አንደኛ ክፍል ሲያስተምር ከክፍሉ የሚቀሩትን ልጆች ቤት ድረስ እየሄደ ያንኳኳ ነበር። ፕሮግራሙ የመጣው ከዚያ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠራ፤ እመጣለሁ ብሎ የቀረበት አንድም ቤት የለም። ከዚያ «ደብዳቤው አልደረሰኝም። በእጁ ሰጠሁት ያለህ ማነው?» ብሎ ጻፈ። እህቴ አልኩ። ስምሽን ጠየቀኝ፤ ነገርኩት።

ወይዘሮ ልክነሽ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች። ታኅሣሥ ላይ ረይሐና የምትባል ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ ነበር አለች። የጣቢያው ዘበኛ ቁጥራቸውን እንደሰጣት፣ አርባ ምንጭ ውስጥ የታመመች እህት እንዳለቻት፣ ሁሉንም ነግራታለች። «መናገር ባይችልም ይመጣል፤ ነገ ሲቀላ እንወርዳለን፤ ቤታችሁን ብቻ ንገሪን አልኳት። እሷ ግን ተዉት፣ እንዲህ ሆኖ ከምታየው ባታየው ይሻላል ብላ ስልኩን ዘጋች» አለችኝ። በደወልሽበት ቁጥር መልሰው ቢደውሉም አላነሳሽም።

ለምን እንዳደረግሽው አውቃለሁ። እንዳትደነግጥ ብለሽ ነው። ግን ሉብና የፈለገችው ድምፁን ነበር እንዴ? ድምፁን በየቅዳሜው ትሰማው ነበር። በሩ እንዲንኳኳ ነው የፈለገችው። ለማንኳኳት ድምፅ አያስፈልግም። እኔ ባውቅ ኖሮ ሄጄ በጀርባዬም ቢሆን ተሸክሜ አመጣው ነበር። አንቺ ግን ከዚያ በኋላ እንኳ ስትደውዪ «ይመጣል፣ ጠብቂው» ትያት ነበር። ስልኩን ጆሮዋ ላይ የያዝኩላት እኔ ነኝ። በእኔ እጅ ነው የዋሸሻት።

ያለፈው ቅዳሜ በራችን ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። እማዬ ልብስ እያጠፈች ነበር፤ እጇ ቆመ። ከዚያ ልክ እንደ ሉብና «ማነው?» አለች። መልስ የለም። ስከፍት ጋሽ ፈቃደ ነው። የድሮ ኮፍያውን አድርጓል፣ ወይዘሮ ልክነሽ ከኋላው ቆማለች። እማዬ ወዲያው አወቀችው። ጎንበስ ብሎ ሰላም አላት፤ ሶፋውን ትቶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። እማዬ በርጩማውን እስከዛሬ ከበሩ አጠገብ አላነሳችውም።

እማዬ አልተቆጣችም። ቀስ ብላ «ልጄ ረይሐና ደብዳቤውን በእጅህ ሰጥታሃለች። እመጣለሁ ብለህ ነበር። ለምን ዘገየህ?» አለችው። ጋሽ ፈቃደ ቀና ብሎ አየኝ። ደብተሩ ጭኑ ላይ ነበር፤ አልከፈተውም። ራሱን ነቀነቀ፣ አዎ ተሰጥቶኛል ለማለት። ከዚያ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ፣ ይቅር በዪኝ ለማለት። እማዬ «አላህ ይቅር ይበልህ» አለችው። አሁን በየሶላቱ ለአንቺ ዱዓ ታደርጋለች፤ እሱን ደግሞ ሕፃን ያስጠበቀ ሰው ነው ብላ ታዝንበታለች። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያልዋሸ ሰው የመጀመሪያ ውሸቱን ለአንቺ ብሎ፣ የሉብና በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዋሸ።

ለእማዬ አልነገርኳትም። የምነግራትም እኔ አይደለሁም። የሉብናን ደብዳቤ ካልጣልሽው ይዘሽው ነይ። መጀመሪያ ሴቻ ውጪና በእጁ ስጪው፣ ሰጥቼዋለሁ እንዳልሽው። ከዚያ ወደ ቤት ውረጂና አንኳኪ። እማዬ «ማነው?» ስትል የምትመልሺውን አንቺ ታውቂያለሽ።

ለአጎቴ ለኢስሃቅና ለባለቤቱ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ለትንሿ ፀደይ፣ ያቺ ጎረቤታችሁ፣ አዞ እስልልሻለሁ ያልኳትን አልረሳሁም በያት። አባዬ ሰላም ብሎሻል፤ ሳሉን በማር አስታግሺው ብሎሻል። እማዬ የምትልሽን ሁሉ በስልክ ትሰሚዋለሽ። ከእኔ የሚደርስሽን ሰላምታ ግን ስትመጪ በሩ ላይ እሰጥሻለሁ።

ወንድምሽ
ሚፍታ ባድሩ
አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ
ግንቦት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.