መኪናው የማይነሳበት ሰፈር

ሞንትሪያል፣ ኤፕሪል 19

ለምወድሽ ልጄ ለሚሌን፣

እናንተ ጋ በረዶው ገና እንዳልቀለጠ በሬዲዮ ሰማሁ። እንዴት ነሽ? ሳሉ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ማለቴ እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሲነጋ እነሳለሁ ለማለት ነው። የምበላው ምን ምን እንደሚል ግን አትጠይቂኝ። ባለፈው ሳምንት አንድ ቆርቆሮ የአተር ሾርባ በልቼ ከጨረስኩ በኋላ ነው ሳላሞቀው እንደበላሁት የገባኝ። የሚያስለቅስ ስንት ነገር አለ፤ እንባው ግን አይመጣም። ሰውነቴ ደንዝዟል። የጥርስ ሐኪም ጋ ተወግቶ የወጣ ሰው ከንፈሩን በጣቱ እንደሚነካካው እኔም አንዳንዴ ራሴን እነካካለሁ።

በስልክ ስንገናኝ አንቺ ስለ አየሩ ትነግሪኛለሽ፣ እኔም ስለ አየሩ እነግርሻለሁ፣ ከዚያ ቻው እንባባላለን። ጥፋቱ የእኔ ነው። በጃንዋሪ፣ እናትሽ በተቀበረች ማግስት፣ ስልኬን ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠሽ «አባ፣ እማዬ ያን ጠዋት ሦስት ጊዜ ደውላልሃለች። የት ነበርክ?» አልሽኝ። ዳቦ ልገዛ ወጥቼ ስልኬን ረስቼው ነው አልኩሽ። አንቺም ዞር ብለሽ ባዶውን የዳቦ ሣጥን አየሽው። ከዚያ በኋላ አልጠየቅሽኝም። ጥያቄሽን አልረሳሁትም፤ ይህን ደብዳቤ ሳልዘጋ እመልስልሻለሁ። እጄ እስኪፍታታ ድረስ ግን መጀመሪያ ስለ ቤት ልንገርሽ።

ውሉን እንደማላድስ ለአከራያችን ጽፌያለሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ከኖርንበት ከፕላቶ ሰፈር ልወጣ ነው። ጁላይ አንድ ቀን፣ የቤት ውል ሁሉ በሚያልቅበት ዕለት፣ ከተማው ሁሉ ፍሪጅ ተሸክሞ ደረጃ ሲወርድ እኔም እወርዳለሁ። ወዴት እንደምወርድ ነው ሁለት ወር ሙሉ ያንከራተተኝ።

አጎትሽ ፈርናን አብሮኝ ይዞራል። እህቱ ኡጌት ከሞተች ወዲህ ብቻዬን ሊተወኝ አይፈልግም፤ እንዲህ ብሎ ግን አይናገርም፣ ይሳደባል እንጂ። ሌላ ሰው ቤት ሊከራይ ሲሄድ መስኮት ይከፍታል፣ ቧንቧ ይከፍታል። እኔ ከመኪናው ወርጄ መጀመሪያ የማነበው ምሰሶው ላይ የተሰቀለውን ታፔላ ነው። አንድ ምሰሶ ላይ አራት ታፔላ አለ፤ አንዱ ማክሰኞ መንገዱ ሲጠረግ አትቁም ይላል፣ አንዱ የሰፈሩ ተለጣፊ ከሌለህ አትቁም ይላል፣ አንዱ ስለ ትምህርት ቤት ሰዓት ነው፣ አራተኛውን ራሱ የጻፈውም የሚረዳው አይመስለኝም። እኔ አራቱንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነባለሁ። ፈርናን እጁን ኪሱ ከትቶ ይጠብቀኛል።

ቪሌሬ ውስጥ ያየነው ቤት ፀሐይ የሚገባው፣ ወለሉ እንጨት፣ ገበያው በእግር የሚደረስ ነበር። እናትሽ ብታየው እዚያው ኮቷን ታወልቅ ነበር። እኔ ደጁን አየሁ፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ መኪና በየሁለት ቀኑ ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር አለብሽ። አልፈልግም አልኩ። ቨርደን ሄድን። ወንዙ ቅርብ ነው፣ አከራዩም ጨዋ ሰው። ማዘጋጃ ቤቱ በረዶ ሲያነሳ መኪናችሁን የት ትወስዳላችሁ ብዬ ስጠይቀው ሳቀና «እንደ ሁሉም ሰው እየዞርን ነዋ» አለኝ። አመስግኜው ወጣሁ።

ከዚያ አንዡ ሄድን። ጋራዥ አለው፣ በሩ በቁልፍ የሚከፈት፣ ግድግዳውም የሚሞቅ። ዙሪያው ግን ሰው የሌለበት ሰፊ መንገድና የገበያ አዳራሽ ብቻ ነው። ዳቦ ለመግዛት እንኳን በመኪና ነው የሚኬደው። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ ይኼ ይሻላል ስል ፈርናን ትዕግሥቱ አለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤት የምትፈልገው ለራስህ ነው ወይስ ለመኪናው? ለመኪናው ከሆነ ንገረኝና አልጋውን እዚሁ ጋራዥ ውስጥ እንዘርጋልህ።»

የጋራዡን በር ዘጋሁት። ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኡጌት ሐኪም ቤት መመላለሷ ከቀረ መኪናው ለምን እንደሚያስፈልገኝ ጠየቀኝ። ልክ ነው፣ መኪናውን የያዝነው ለእሷ ነበር፤ በሳምንት ሦስት ቀን ለኩላሊት እጥበት እወስዳታለሁ፣ አራት ሰዓት ሙሉ እጠብቃታለሁ፣ እመልሳታለሁ። አሁን የምነዳው ቤት ለማየት ነው። ቤት የማየው ደግሞ መኪናውን የማቆምበት ለማግኘት ነው። ነገሩ ሞኝነት እንደሆነ አይጠፋኝም፤ ግን ማቆም አልቻልኩም።

ባለፈው ሐሙስ ላሺን ሄድን። ባለቤቷ ማዳም ቲቦዶ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ እሷ ላይኛው ፎቅ ትኖራለች፣ የሚከራየው ታችኛው ነው። ደወሉን ሳልደውል በጓሮ በኩል ዞሬ ማቆሚያውን ሳይ በመስኮት አየችኝ። በነጠላ ጫማ ወረደች።

«ቤቱን ሳያዩ ማቆሚያውን አዩት» አለችኝ። አልተቀየመችም። የታችኛው ቤት ተከራይ የግሉ ነው፣ ማንም አይነካውም፣ በረዶውንም የወንድሟ ልጅ በማሽን ይጠርገዋል አለች። ቀጥላም እንዲህ አለች፦ «ክረምት ላይ ከመንገዱ መኪና አንሱ የሚለው ሳይረን ሲጮህ ይሰማዎታል። እርስዎ ግን መነሳት የለብዎትም። ቡናዎን እየጠጡ መስማት ነው።»

ሚሌን፣ ይህን ስሰማ የጓሮ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። ፈርናን ስኳሬ የወረደ መስሎት ኪሱን ለከረሜላ ፈተሸ። ሴትዮዋ ውኃ አመጣችልኝ። ውኃውን ይዤ የዚያን ጠዋት እውነት ለአንቺ እንዳልነገርኩሽ አሰብኩ። አሁን ልንገርሽ።

ያን ጠዋት ዳቦ ልገዛ አልወጣሁም። ብርቱካናማውን ታፔላ፣ በረዶ የሚነሳበትን ሰዓት የሚያሳውቀውን፣ ማታ ሳላየው ቀርቼ መኪናው በሚጠረገው በኩል ቆሞ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሳይረኑ ጮኸ። እናትሽ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ መድኃኒቷን ትቆጥር ነበር። «ሬዣን፣ ሂድ፣ ይጎትቱታል» አለችኝ። ሰኞ ሐኪም ቤት የምትሄድበት ቀን ነበር፤ መኪናውን ጎትተው ሌላ መንገድ ላይ ቢጥሉብን ፍለጋ ግማሽ ቀን እንደሚፈጅ ታውቂዋለሽ። ኮቴን ደርቤ ሮጥኩ። ስልኬ ፍሪጁ ላይ ቀረ።

አሁን የምነግርሽን ለፈርናንም አልነገርኩትም። መኪናውን አስነስቼ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክፍት ቦታ አገኘሁ። ከቤታችን ሁለት መንገድ ብቻ የሚርቅ፣ ሰፊና ለማቆም የሚመች። ፍጥነቴን ቀነስኩ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ ታፔላውን አነበብኩ። ነገ ጠዋት ከአንድ ሰዓት ጀምሮ መኪና መነሳት አለበት ይላል። ነገ እንደገና ልነሳ ነው አልኩና አለፍኩት። የተሻለ አገኛለሁ ብዬ። ዞርኩ፣ እንደገና ዞርኩ። አርባ ደቂቃ ዞርኩ። በመጨረሻ ባቡር ሐዲዱ አጠገብ እስከ ሰኞ ማንም የማይነካው ቦታ አገኘሁ። ከዚያ በእግሬ ስመለስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። ብልህ ነኝ ብዬ። ደረጃውን ስወጣ ለእናትሽ እስከ ሰኞ ተገላገልን ልላት ነበር።

ወለሉ ላይ ነበረች። ስልኳ እጇ ውስጥ ነበር። አምቡላንስ አልጠራችም፤ የጠራችው እኔን ነው። የእኔ ስልክ ፍሪጁ ላይ ሦስት ጊዜ ጠርቷል፣ እሷም ወለሉ ላይ ሆና ትሰማው ነበር ማለት ነው።

ዶክተሩ ቀድሜ ብደርስም ለውጥ ላያመጣ ይችል እንደነበር ነግሮኛል። ላያመጣ ይችል ነበር፣ ሊያመጣም ይችል ነበር። ያን ቦታ ብይዘው ኖሮ ሁለተኛው ጥሪ ላይ በሩ ጋ ነበርኩ። ላንቺ የዋሸሁሽ እንዳትጠይኝ ፈርቼ ነው። አሁንም እፈራለሁ። ግን ዋሽቼሽም ይኸው ስለ አየሩ ብቻ ነው የምናወራው።

የሆነው ይኼ ነው። የላሺኑን ቤት ዓርብ ዕለት ፈረምኩ። ሁለት መኝታ ቤት አለው፣ ቦዩ ዳር በእግር ይኬዳል፣ ዳቦ ቤቱም ጥጉ ላይ ነው። መኪናውን ቅዳሜ ለፈርናን የሥራ ባልደረባ ሸጥኩት። ሲነዳው ቆሜ አየሁ፤ ምንም አልተሰማኝም። ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንሽ አለቀስኩ፤ አንድ ልጃገረድ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ደግ ነገር ነው መሰለኝ።

ማዳም ቲቦዶ መኪናውን እንደሸጥኩ ስትሰማ፣ እንግዲያውስ ማቆሚያውን ለጎረቤት ላከራየው አለችኝ። እኔ ጋ ይቆይ አልኳት።

«መኪና ሳይኖርዎት ለማን ነው?»

«ለልጄ። ሩቅ ሰሜን ዩኮን ናት፣ አውሮፕላን አትወድም። ከመጣች በፒካፕ ነው የምትመጣው።»

«መቼ ነው የምትመጣው?»

«መምጣቷን አላውቅም» አልኳት። «መጀመሪያ አንድ ነገር ልጽፍላት ይገባል።»

ልቆጣ ካልሽ ተቆጪ፤ መብትሽ ነው። መጻፍ ካስጠላሽ ደውለሽ ዝም በይኝ፣ እኔ ስልኩን ይዤ እቆያለሁ። ብቻ ስለ አየሩ አትንገሪኝ። እናትሽ አንቺን ስታነሳ ፊቷ እንዴት ይፈካ እንደነበር ታውቂያለሽ፤ እሷን የወደደ አምላክ አንቺን በመንገድሽ ሁሉ ይጠብቅሽ፣ ቤትሽን ያሙቅልሽ፣ ከክፉ ነገር ይሰውርሽ።

ፈርናን የፒካፕሽን ርዝመት ከኢንተርኔት አወጣልኝ። ትናንት ላሺን ሄጄ ማቆሚያውን በሜትር ለካሁት። ከኋላ አንድ ክንድ ይተርፋል።

አባትሽ
ሬዣን